ጣቱ የሞላለት ሰውዬ

የሰውዬው ጣት ሙሉ ነበር።

ይህ የገባኝ ሽንኩርት ስከትፍ ነው። ቢላዋው ሊያገኘኝ ሲል እጄን መንጭቄ፣ "ተመስገን፤ ጣት እንደሆነ አንዴ ከተቆረጠ አይበቅል" አልኩ ለራሴ። ቃሉ ከአፌ ወጥቶ ሳያልቅ እጄ ባለበት ደረቀ። አይበቅልም። ታዲያ የዚያ ሰው ጣት በምን በቀለ?

የደወለው ከምሳ በኋላ ነበር። እሑድ ነው፤ ልጄ ተረኛ ስለሆነች የመሥሪያ ቤቱን ላፕቶፕ ይዛ ቤት ውላለች። እሷ በምግብ ጠረጴዛው ላይ ትሠራለች፣ እኔ ሶፋው ላይ የደረቀ ልብስ አጣጥፋለሁ። ሰውዬው ስክሪኑ ላይ ብቅ ሲል አንገቴን አስግጌ አየሁት። ያው መነጽር ነው፤ ግንባሩ ላይ የምትወርደው ሽበትም ያችው፣ በየመሃሉ ጉሮሮውን እየጠረገ የሚናገረውም ያው። "እንደምን ዋሉ ጌታዬ" አልኩት ከተቀመጥኩበት። "እግዚአብሔር ይመስገን፣ እናቴ" አለኝ። ደስ አለኝ። ትልቅ ሰው አክብሮ ሲመልስልኝ ደስ ይለኛል።

"አስቸኳይ ነው፤ አምስት ደቂቃ ብቻ ስጪኝ" አላት ልጄን፣ ቀኝ እጁን ዘርግቶ እያሳየ። አምስት ጣት ነው። ሁሉም ጥፍር አላቸው። አይቻለሁ። አይቼም "እሰይ፣ ታክሞ ድኖለታል" ብዬ ካልሲ ማጣመሬን ቀጠልኩ። እንዲህ ያለ ጅል ጭንቅላት ነው አንገቴ ላይ የተቀመጠው።

የውሃ ማጣሪያዎችን ቀዳዳ እየፈለገ በራሱ የሚሰብር ሰው ሠራሽ አስተውሎት ተለቋል አላት። መከላከያውን ልኬልሻለሁ፣ አሁኑኑ ክፈቺው፣ ሰው እንዳይሸበር ለማንም እንዳትናገሪ አላት። ልጄ ከፈተችው። "ጎበዝ" አላትና ስክሪኑ ላይ ጠፋ።

እኛ ቤት ይህ ሰው የሚጠራው በቅጽል ስሙ ነው፤ "ዘጠኝ ተኩል" እንለዋለን። ልጅ ሳለ የመኪና በር የቀኝ እጁን የቀለበት ጣት ከወገቡ ቆርጦበታል። ስሙንም ያወጣው ራሱ ነው፤ ተማሪዎቹ በስውር ሲያሙት ከሚሰማ ቀድሞ ቢስቅ ይሻለዋል። የማዕከሉ አሠልጣኝ ነው። ማዕከል የምለው መንግሥት ያቋቋመው ነው፤ የውሃ፣ የመብራት፣ የሆስፒታልና የባንክ መሥሪያ ቤቶች በኮምፒውተር የሚመጣባቸውን ጥቃት እርስ በርስ የሚነጋገሩበት። ድሮ አንድ ሌባ ስንት ወር ተቀምጦ የሚሠራውን አሁን ማሽን ራሱ አስቦ በአንድ ጀምበር ይሠራዋል አሉ። ስለዚህ በየመሥሪያ ቤቱ አንድ አንድ ተጠሪ ተመርጧል። አንዱ ቤት ሌባ ሲገባ ተጠሪው ለማዕከሉ ይናገራል፣ ማዕከሉ ለሁሉም ይናገራል፣ ሁሉም በሩን ይዘጋል። የውሃ አገልግሎቱ ተጠሪ የእኔ ልጅ ናት።

የተመረጠች ቀን ኬክ ገዝታ መጣች። እኔ ኬኩን እየበላሁ "ሌባ ገባብኝ ብሎ የሚናገር ማን ነው? ጎረቤት የተረፈህን ያያል እንጂ ምን ያደርግልሃል?" አልኳት። "እማ፣ አንቺ እኮ ኬክ ውስጥም አጥንት ትፈልጊያለሽ" አለችኝ።

ዘጠኝ ተኩል ሲያስተምር ሕጎቹን በጣቱ ነው የሚቆጥረው። ዘጠኙን ጨርሶ ጎዶሎዋ ላይ ሲደርስ ከፍ አድርጎ ያሳያታል። "ይቺ ግማሽ ሕግ ናት። ስትሳሳቱ ተናገሩ። መናገሩ የእናንተ ግማሽ ነው፤ የተናገረው እንዳይጎዳ ማድረግ የእኔ ግማሽ" ይላል። አንድ ዝናባማ ምሽት ልጄን በመኪናው አድርሷት ደጃፌ ላይ ጨብጬዋለሁ። ጉማጇ ጣት መዳፌን ስትነካኝ አንጀቴን በልታኝ ነበር። እንዴት እረሳታለሁ? ግን ረሳኋት።

ሽንኩርቱን ትቼ ወደ ሳሎን ወጣሁ።

"አንቺ ልጅ፣ ዘጠኝ ተኩል ጣቱን ታክሟል እንዴ?"

"የተቆረጠ ጣት ምን ይታከማል?" አለች ዓይኗን ከላፕቶፑ ሳታነሣ።

"ቅድም ሙሉ ነበር።"

ቀና አለች። ፊቴን አየች። ከዚያ ቀኝ እጇን ቀስ አድርጋ ዘረጋችና የራሷን ጣቶች አየቻቸው፣ እንደ ሌላ ሰው ጣት። ሰው ሲደነግጥ ይጮኻል ይባላል፤ የእኔ ልጅ ግን ድምፅዋ ነው የሚጠፋው፣ እንደ አባቷ።

"እርግጠኛ ነሽ?" አለች በሹክሹክታ።

"ጥፍሩን አይቻለሁ፣ ልጄ። ጥፍር ነበረው።"

"ሥዕሉን የሠራው ማሽን ጎዶሎውን ስህተት መስሎት ሞልቶለታል" አለች። "እማ፣ ሰው አልነበረም። ያናገረን ሰው አልነበረም።"

እግዚአብሔር ይመስገን ያለኝ ታዲያ ምኑ ነው?

ስልኳን አንሥታ ለእውነተኛው ዘጠኝ ተኩል ደወለች። አይነሣም። ደገመች። አይነሣም። "የማዕከሉ የአደጋ ጊዜ መስመር አለ" ብላ ቁጥሩን መፈለግ ስትጀምር እጇን ያዝኳት።

"አለቃሽን ሳትጠይቂ? እሱን አልፈሽ ለማዕከሉ ከደወልሽ ጠላት ነው የምታፈሪው። መጀመሪያ ለእሱ ንገሪው።"

ይህን እኔ ነኝ ያልኩት። ያሳደገን ነገር ነው፤ ቤት ቢቃጠልም መጀመሪያ ለአለቃ፣ ከዚያ ለውሃ።

አለቃዋ ስልኩን ሲያነሣ ከጀርባው የኳስ ጨዋታ ይጮኻል። ልጄ ድምፁን ከፍ አድርጋ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና የሆነውን ሁሉ ነገረችው። ቴሌቪዥኑ ዝም አለ።

"ማን ሰምቷል?"

"እኔና እናቴ ብቻ።"

"እናትሽን ዝም አሰኚያቸው።"

"እሰማለሁ" አልኩ።

"ደህና ዋሉ እናቴ" አለ ሳያፍር። "በይ ስሚኝ አንቺ። ላፕቶፑን አጥፊው። ነገ ቢሮ ስንገናኝ እናየዋለን። ማዕከል ምናምን የሚል ነገር ከአፍሽ እንዳይወጣ።"

"ፋይሉ ተከፍቷል እኮ ጌታዬ። ማጣሪያ ጣቢያው ውስጥ ሊገቡ ይችላሉ። ክሎሪን የሚለካውን ማሽን ከኮምፒውተሩ ነጥለን በእጅ ካላደረግነው…"

"በእጅ ለማድረግ ትእዛዝ ያስፈልጋል። ትእዛዝ ምክንያት ይፈልጋል። ምን ልበል? ተጠሪዬ በጣት ተሸወደች ልበል? እስካሁን የደረሰ ነገር አለ?"

"እስካሁን የለም።"

"በቃ! ገመናችንን ራሳችን እንሸፍን። በየመሥሪያ ቤቱ መሳቂያ እንድታደርጊን አይደለም የመረጥኩሽ።" ዘጋው።

እውነቱን ልናገር፣ ሰውዬውን ወደድኩት። ፈሪ መሆኑ አልጠፋኝም፤ ግን የእኔ ዓይነት ፈሪ ነው። "አየሽ" አልኳት፣ "አለቃሽ አዟል። አንቺ የለሽበትም።"

"እማ፣ ክሎሪኑን ቢጨምሩት ውሃው ሰው ያቃጥላል። ቢያጠፉት ሕፃን ይታመማል። ይህን ውሃ የሚጠጣው ከተማው ሁሉ ነው።"

"ቢጨምሩ ነው፣ ቢያጠፉ ነው። አንቺን ግን ያለ 'ቢ' ነው የሚያስሩሽ።"

ይህን የምለው ሰምቼ አይደለም፤ አይቼ ነው። ባለቤቴ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበር። አንድ ማለዳ ሲገባ የግምጃ ቤቱን ቁልፍ ተሰብሮ አገኘው፤ ሮጦ ሄዶ አመለከተ። መጀመሪያ ያየ መጀመሪያ ይጠየቃል። ያን ቀን አልመጣም። በሩን ሳልቆልፍ፣ እራቱን ከድኜ ጠበቅኩት፤ በማግስቱም አልመጣም። ሲመጣ ነጻ ነህ ብለውታል፤ ነጻ የወጣው ግን ሌላ ሰው ነው። በራችን ላይ ሦስት መቀርቀሪያ ያስገባው ያኔ ነው። ሁልጊዜ ማታ ማታ ሦስቱን እየነካካ "ማንም ውጭ አልቀረም?" ይለኝ ነበር። እስኪሞት ድረስ ዕቃ ሲጠፋ "እኔ አላየሁም" ይል ነበር። እንዲያ ያለ ታማኝ ሰው!

"አባትሽን አስቢ" አልኳት።

"እያሰብኩት ነው።"

"በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም።"

"በሽታውን የደበቀ ደግሞ መድኃኒት የለውም። የምሳሌ ውድድር ነው እንዴ የያዝነው?" ፈገግ ልትል ሞከረችና ከንፈሯ እምቢ አላት። "ልብሴን ቀይሬ ጣቢያው ድረስ እሄዳለሁ። በመንገዴ ለማዕከሉ እደውላለሁ።" ወደ መኝታ ቤት ገባች።

እኔ ወደ ወጥ ቤት ሮጥኩ። ምን ልሠራ? ባልዲ አወጣሁ። ቧንቧውን ከፈትኩና መጀመሪያ አሸተትኩት። ምንም አይሸትም፤ ደግሞም የሚሸት መሰለኝ። ባልዲውን ሞላሁ፣ ድስቱን ሞላሁ፣ ማንቆርቆሪያውን ሞላሁ፣ የአበባ ማስቀመጫውን ሳይቀር ሞላሁ። ውሃው ገና ሳይበላሽ የእኛን ድርሻ ልይዝ ነው። ልጄ በበሩ ብቅ ብላ አየችኝ።

"ለእኛ ሞላሽ። ከላይ ፎቅ ላለችው አራስስ?"

"ለእሷም አንድ ጆግ እሰጣታለሁ" አልኩ። ሌላ የሚባል አልመጣልኝም።

ራሷን ነቅንቃ ተመለሰች። ጠረጴዛው ላይ ስልኳ ተቀምጧል። እጄ ነው የሠራው እንጂ እኔ አላሰብኩትም ብል ማን ያምነኛል? አነሣሁት። የት ልደብቀው? ከማቀዝቀዣው በላይ ያለውን የዱቄት ቆርቆሮ ከፈትኩና ወደ ውስጥ ቀበርኩት፤ በእጄ መዳፍ ደልድዬ ከደንኩት። ሌላ ስልክ ቤት ውስጥ የእኔ አሮጌ ብቻ ነው፤ እሱን ጡቴ ሥር ሸጎጥኩት። እስከ ነገ ብትቆይልኝ፣ ነገ አለቃዋ አንድ ነገር ይላል። ነገ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ሕይወቴን ሁሉ የኖርኩት ነገን እየለመንኩ ነው።

"እማ፣ ስልኬን አይተሽዋል?"

"አላየሁም።"

ከአባቷ የተማርኩት ቃል ነው። አልጋውን ስታገላብጥ፣ መሳቢያ ስትከፍትና ስትዘጋ ይሰማኛል። "አሁን እኮ ይዤው ነበር! አሁን እዚህ ነበር!" ድምፅዋ ወደ ልቅሶ ተጠጋ። ሽንኩርቴ ጋ ተመለስኩ። ዓይኔ ሲያነባ ሽንኩርቱ ምክንያት ይሆነኛል።

ያኔ ቆርቆሮው ነዘረ።

መጀመሪያ ማቀዝቀዣው መሰለኝ። ከዚያ ክዳኑ ተርገፈገፈ። ከድንጋጤዬ ብዛት ቆርቆሮውን እንደሚያለቅስ ሕፃን አቅፌ ወደ ጥግ ሸሸሁ፤ እጄን አስገብቼ ስልኩን አወጣሁት፤ ልዘጋው ነው። ዱቄቱን በጣቴ ስጠርገው ስም ታየኝ፤ "የመንታዎቹ እናት"።

አውቃታለሁ። በሌላ ከተማ ያለ ሆስፒታል ተጠሪ ናት፤ ከልጄ ጋር አብረው ሠልጥነዋል። ቤቴ አድራ ታውቃለች፤ ስትስቅ ግድግዳ ታነቃንቃለች። ለምን እንዳነሣሁት አላውቅም። ካልተነሣ ደጋግማ ትደውላለች ብዬ ይሆናል።

"አንቺ የት ጠፋሽ!" አለች ወዲያው፣ ማን እንዳነሣ ሳትጠይቅ። "ዘጠኝ ተኩል ላንቺም ደወለልሽ? እዚህ ስክሪኑ ላይ ቁጭ ብሎ እየጠበቀኝ ነው፤ ሻይ ላፍላ ብዬው ነው የወጣሁት። አንድ ፋይል ክፈቺ ይላል። የሕፃናት ማሞቂያዎቹን ከጥቃት የሚከላከል ነው አለኝ። ማንንም አትጠይቂ ብሏል፤ እኔ ደግሞ ታውቂኛለሽ፣ አትጠይቂ ሲሉኝ ጥያቄ ያሳክከኛል። ሄሎ?"

አውራ ጣቴ መዝጊያው ላይ ነው።

ብዘጋው ማንም አያውቅም። ልጄ ስልኳን ፍለጋ አልጋ ሥር ነች። ከተናገርኩ ደግሞ "በምን አወቃችሁ?" ይመጣል፤ ከዚያ "ማን ከፈተው?" ይመጣል፤ ከዚያ መኪና ይመጣል። መንገዱን አንድ በአንድ አውቀዋለሁ፤ ባለቤቴ ሄዶበታል። የልጄን እጅ ይዤ ራሴው ልወስዳት ነው? እናት ይህን ታደርጋለች? ሌላዋ እናት ብትሆን ለእኔ ልጅ ታደርግልኝ ነበር?

"ሄሎ? ድምፅሽ አይሰማም። ቆይ ልመለስና…" አለች፤ የበር ሲጢጥታ ሰማሁ። ከዚያ ከሩቅ፣ ከእሷ ክፍል ውስጥ፣ ያ ድምፅ መጣ። ጉሮሮውን ጠረገ። "እኅቴ፣ ጊዜ የለንም" አለ። ልክ እንደ እሱ፤ ቸርነቱ ሁሉ ሳይቀር። ከኋላው ደግሞ አንድ ነገር ቲት፣ ቲት ይላል። ማሞቂያው ነው። ውስጡ የተኛ የሰው ልጅ አለ።

"ጣቱን ቁጠሪ" አልኩ።

"ማን ነው? እናቴ፣ እርስዎ ነዎት?"

"ቀኝ እጅዎን ያሳዩኝ በይውና ጣቱን ቁጠሪ!"

ስልኩን ከጆሮዋ ስታወርደው ተሰማኝ። "መምህር፣ በሞቴ ቀኝ እጅዎን አንዴ ያሳዩኝ" ስትል ሳቅ ሳቅ እያላት ነው፤ የሚቀልድባት ሰው ያለ መስሏታል። ከዚያ ሳቋ እንደ ሻማ እፍ ተባለ። ሲመለስ ድምፅዋ ትንሽ ልጅ መስሏል።

"ሙሉ ነው" አለችኝ። "እናቴ፣ ሙሉ ነው።"

"ዝጊው። እንዳትከፍቺ። ንቀዪው ሁሉንም።"

ወንበር ሲወድቅ፣ ሰው ስትጣራ፣ ገመድ ሲመዘዝ ሰማሁ። እያለከለከች መጣች። "በምን አወቃችሁ?"

መጣ። የምፈራው ጥያቄ መጣ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል፤ እኔ በፈራሁት መጠን ቢሆን ኖሮ እስካሁን ዓለም ባልቀረ።

"የእኔ ልጅ ከፍታዋለች" አልኩ።

ዞር ስል ልጄ የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማለች። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች አላውቅም። ክንዴ እስከ ክርኔ ነጭ ሆኖ፣ ቆርቆሮውን ታቅፌ፣ ስልኳን ጆሮዬ ላይ አድርጌ አየችኝ። ልትቆጣኝ ነበር፤ አፏን ከፈተች። ግን መጥታ ስልኩን ከእጄ ወሰደችና ዱቄቱን እፍ አለችው፣ ሁለታችንም ላይ በነነ። ለማዕከሉ ስትደውል ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። ስሟን ተናገረች፤ የመሥሪያ ቤቷን ተናገረች፤ "የከፈትኩት እኔ ነኝ" አለች። ይህን ቃል ስትል ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

ፀሐይ ልትገባ ስትል በሩ ተንኳኳ። ሰንሰለቱን ሳልፈታ ገርበብ አደረግኩት። ያው መነጽር፣ ያቺው ሽበት።

"እኔ ነኝ እናቴ። የማዕከሉ…"

"እጅዎን ያሳዩኝ።"

በክፍተቱ በኩል ቀኝ እጁን አስገባ። ያዝኩት፤ ጉማጇን በአውራ ጣቴ ዳሰስኳት፤ ደረቅና ሞቃት ናት። እንዲህ ያለ ጎዶሎ ነገር ይህን ያህል ደስ ብሎኝ አያውቅም። ሰንሰለቱን ፈታሁ።

ብቻውን አልነበረም። ከኋላው አንድ ዝምተኛ ሰው ገባ፤ ተቀመጥ ስለው አልተቀመጠም፤ ሥራው ምን እንደሆነ አልተናገረም። ላፕቶፑን ብቻ አየና በቦርሳው ከተተው። እንደዚህ ያሉትን ሰዎች አውቃቸዋለሁ።

ዘጠኝ ተኩል ለልጄ ሲነግራት ቆሜ ሰማሁ። ማስጠንቀቂያው ለተጠሪዎች ሁሉ ደርሷል። የሆስፒታሉ ሕፃናት ደህና ናቸው። ጠዋት ተመሳሳይ ጥሪ የደረሳቸው ሌሎች መሥሪያ ቤቶች ነበሩ፤ ከፍተው፣ አፍረው፣ ዝም ብለው ተቀምጠዋል። "ያንቺን ሲሰሙ ነው አፋቸውን የፈቱት" አላት። "አንዳቸው ቁርስ ላይ ተናግረው ቢሆን ኖሮ አንቺም ባልከፈትሽው።"

"አሁን ሁሉም ጣት ይቆጥራላ" አልኩ።

"ለዛሬ ማታ ብቻ ነው የሚሠራው፣ እናቴ። ማሽኑ ይማራል፤ ነገ ጣቱን ይቆርጡለታል። ለነገ ሌላ መፈለግ አለብን።"

"ጣቢያው?" አለች ልጄ።

"ገብተዋል" አለ ዝምተኛው ሰው፤ የመጀመሪያ ቃሉ ነበር። "የክሎሪኑ መጠን ቅድም መጨመር ጀምሮ ነበር። ወደ ማጠራቀሚያው ሳይደርስ ቆሟል። በእጅ እየሠሩት ነው፤ የሚያውቀው ሰው ያስፈልጋል። አንቺም ትመጫለሽ። ጥያቄም አለን።"

ከጥያቄው በኋላ የተናገረውን አልሰማሁም። ዘጠኝ ተኩልን ወደ ኮሪደሩ ሳብኩት፤ እጀታውን ይዤ ነው።

"ልጄን ልትወስዷት ነው?"

"ወደ ሥራዋ ነው የምትሄደው።"

"የተናገረ አይጎዳም ብለዋል። ግማሹ የእኔ ነው ብለዋል። በዚህ ጣትዎ ነው ያሉት።"

እንደ ማንም ባለሥልጣን አይዞሽ ይለኛል ብዬ ጠበቅኩ። አይዞሽ አላለኝም። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠረገው። "ብያለሁ። እስከምችለው እቆማለሁ። ግን አለቃዋ ከሰዓት በኋላ ምንም አልነገረችኝም ብሏል፤ እኔ ደግሞ የሁሉም አለቃ አይደለሁም" አለ። "አልዋሽዎትም እናቴ።"

"ትንሽ ቢዋሹኝ ምን ነበረበት?" አልኩት።

ልጄ ሹራቧን ለበሰች። የአባቷ የተቀደደ ሹራብ ነው፤ "ይሄን ለብሰሽ?" ልላት ነበር፣ ተውኩት። በሩ ላይ ጉንጬን ስማኝ "ዱቄት ሆነሻል" አለችኝ። መኪናው እስኪታጠፍ አየሁት። ቀይ መብራቱ ማዕዘኑ ላይ በራ፣ ጠፋ።

በሩን አልዘጋሁም። ወንበር አምጥቼ ከደጃፉ ውስጥ ተቀመጥኩ። የባልዲው ውሃ እንደሞላ ነው። የከላይዋ አራስ ሕፃኗን እያባበለች ስትወርድ፣ "ምነው በር ከፍተሽ?" አለችኝ። "እየጠበቅኩ ነው" አልኳትና አንድ ጆግ ውሃ ሰጠኋት። "ቧንቧ ተዘግቷል እንዴ?" አለች። "አልተዘጋም፤ ለማንኛውም ያዢው" አልኳት። እንደ እብድ አይታኝ ወሰደችው።

መንገዱ ጨለመ። ሱቆቹ አንድ በአንድ መዝጊያቸውን ጎተቱ። ባለቤቴ የቀረ ማታም እንደዚህ ነበር ድምፁ። እራቱን ከድኛለሁ፤ ያን ማታም ከድኜ ነበር።

ጡቴ ሥር ስልኩ ሲነዝር ጮህኩ። የደወለው የእሷ ቁጥር ነው።

"እማ፣ በሩን ቆልፊ። ዛሬ አልመጣም፤ እዚሁ አድራለሁ።"

ድምፅዋ ነው። የደከመ፣ ትንሽ የጎረነነ። ግን ያም ድምፅ የእሱ ነበር፤ ጉሮሮ መጥረጉ ሳይቀር።

"አንቺ ማነሽ?" አልኩ።

"እንዴ እማ! እኔ ነኝ እንጂ!"

"ልጄ ከሆንሽ ስልክሽ ምን ሆኖ ነበር?"

ከኋላዋ ከባድ ሞተር ይጮኻል፤ ወንዶች በጩኸት ይነጋገራሉ። ከዚያ ሳቅ ይሁን ልቅሶ ያልለየሁት ነገር ሰማሁ።

"አንቺ ሌባ ሴትዮ ዱቄት ውስጥ ቀብረሽው! አሁንም በቀዳዳዎቹ ይወጣል። እዚህ ሁሉም ሰው ዳቦ ዳቦ ትሸቻለሽ እያለኝ ነው።"

እሷ ናት። ነፍሴ ተመለሰች፤ ግን አልቆየችም።

"ጠየቁሽ?"

"ጠየቁኝ።"

"ምን አሉሽ?"

"ምንም አላሉኝም። ነገም እንጠይቅሻለን አሉ። አለቃዬ ፊቴን ሳያይ አለፈኝ። አሁን የክሎሪኑን ቫልቭ የምናዞረው በፈረቃ ነው። ተራዬ ደርሷል።"

"ሥራ ነው ወይስ ይዘውሽ ነው? እውነቱን ንገሪኝ።"

"እኔም አላውቅም፣ እማ። ለዛሬ ሥራ ነው።"

"ነገስ?"

"ነገን ነገ እናየዋለን። በይ ቆልፊና ተኚ። ክፍት ትቼው እጠብቃለሁ እንዳትይኝ፤ አውቅሻለሁ። ሌባ ይገባል።"

የገባው ገብቷል ልላት ነበር። ዘጋችው።

ተነሣሁ። ወንበሩን ወደ ቦታው መለስኩ። ልጅ ውጭ እያለ በር ቆልፌ አላውቅም፤ እጄ ሥራውን ረሳው። በሩን ገፋሁት። የመጀመሪያውን መቀርቀሪያ ሳብኩ፣ ሁለተኛውን ሳብኩ። ሦስተኛው ላይ ቆምኩ። ባለቤቴ ቢኖር ማንም ውጭ አልቀረም ወይ ብሎ ይጠይቀኝ ነበር።

"ቀርታለች" አልኩት፣ ጨለማውን። ሦስተኛውን ሳብኩ።